የማን ሰባት ሰዓት

የባሏ አባት ዛሬ ጠዋት ሻያቸውን ሦስት ጊዜ አማሰሉ። ስኳር ከተዉ ስድስት ዓመታቸው ነውና የሚያማስሉት ነገር አልነበረም። መዝጋቢዋ ዳቦ እየቆረጠች በዓይኗ ጠርዝ ታያቸዋለች። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እስካሁን ካፖርታቸውን ደርበው፣ «በይ እንግዲህ፣ እኔ አላውቅሽም» ብለው ከእሷ አምስት ደቂቃ ቀድመው ወጥተው ነበር። ይህች ቀልድ የዘወትር ስንብታቸው ናት። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ እሳቸው በር ላይ የቀን ዘበኛ፣ እሷ ውስጥ መዝገብ ክፍል። መሥሪያ ቤቱ ዘመድ ከዘመድ ጋር አይሠራም የሚል ደንብ ስላለው ከቤታቸው ደጃፍ ጀምሮ ባዕድ ለባዕድ ናቸው። በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ እሳቸው ከሹፌሩ ጀርባ ይቆማሉ፣ እሷ ከኋላው በር ትለጠፋለች። ግቢው ጋ ትንሽ ዘግየት ብላ ስትደርስ ቦርሳዋን ይፈትሻሉ። ማለዳ በገዛ እጃቸው የቋጠሩላትን ምሳ ዕቃ ከፍተው፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ይሏታል ኮስተር ብለው። «ምሳ ነው» ትላለች። «እለፊ» ይላሉ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖሩት።

«አባባ፣ ዛሬ አይሄዱም እንዴ?»

«እሄዳለሁ። ይቺን አንብቢልኝማ፤ ፊደሏ ደቃቃ ሆነችብኝ» አሉና ከካፖርታቸው ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

ፊደሉ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ የገዘፈ ነበር። ወረቀቱም ከመታጠፍና ከመዘርጋት ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። ቢያንስ ሃያ ጊዜ አንብበውታል ማለት ነው፤ በሌላ ሰው አፍ ሲነበብ ምናልባት ሌላ ነገር ይል እንደሆነ መስማት ፈልገው ነው። ሌላ ነገር አላለም። ላለፉት ሰባት ወራት ከሥራ ሰዓት ውጪ የኤሌክትሪክ ኃይል በማቋረጥ የኮምፒዩተር መረጃ በየዕለቱ እንዳይገለበጥ ስላደረጉ፣ በዚህም የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተገልጋዮች ልኬት ስለጠፋ፣ ከሥራ የማይሰናበቱበት ምክንያት ካለዎት ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርበው ያስረዱ፤ ከሰላምታ ጋር። ማክሰኞ ዛሬ ነው።

«መቼ ነው የደረሰዎት?»

«ዓርብ።»

«እና አራት ቀን ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?»

«አላውቅሽም እኮ» አሉ። ሊስቁ አስበው ነበር፣ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ለልጄ ደግሞ እንዳትነግሪው። መሪ የያዘ ሰው ይህን አይሰማም።» ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ያድራል፣ በቀረው ጊዜ መንገድ ላይ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ተራርቀው ቆሙ፤ እሷ ግን ዓይኗን ከማጅራታቸው አላነሳችም። መሥሪያ ቤቱ ሰው ሠራሽ እግር ነው የሚሠራው። ማኅተሙ ላይ ለመተንፈስ እንኳ የማይመች ረጅም ስም አለው፤ ሰው ግን «እግር ቤት» ነው የሚለው። «የት ነህ?» «እግር ቤት ነኝ፣ እግሬን እየጠበቅሁ ነው» ሲባባሉ መስማት እዚያ ሰፈር ብርቅ አይደለም። እግር እንደ ጫማ በቁጥር አይገዛም። የቀረው ጭን ርዝመቱ፣ ዙሪያው በየአራት ጣቱ፣ የጉልበቱ ከፍታ፣ የደህናው እግር ጫማ፣ የትኛው ቦታ ሲነካ እንደሚያም፣ ሁሉም ተለክቶ መዝገብ ክፍል ይቀመጣል፤ እግሩ የተሰነጠቀበት ሰው ከሩቅ አገር ደውሎ «ያንኑ ሥሩልኝ» እንዲል ነው። ድሮ በካርድ ነበር። ኮምፒዩተር የገባ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አጭር ነው ያለውን የአርባ ደቂቃ ንግግር አድርጎ «ከእንግዲህ ወረቀት ታሪክ ሆኗል» አለና ካርዱ በጆንያ ተጭኖ ወደ ካርቶን ፋብሪካ ሄደ። ባለፈው ሐሙስ ታዲያ ኮምፒዩተሩ ሁለት ጊዜ ሲጥ ሲጥ ብሎ ዝም አለ። በየቀኑ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል የተባለው ቅጂ ሲከፈት ከሰባት ወር በፊት ቆሞ ተገኘ። የኮምፒዩተር ባለሙያው ለሙከራ በእጁ የገለበጠው፣ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ የተለኩት ሰዎች እግራቸው ለሁለተኛ ጊዜ የጠፋ ያህል ነው።

መብራቱን የሚያጠፉት በርግጥ አባባ ናቸው። በየማታው አሥራ አንድ ተኩል ላይ የቆጣሪውን ዋና ማጥፊያ ወደ ታች፣ በየጠዋቱ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ወደ ላይ። በዚህ የተነሳ ግቢው «ጋሽ ቆጣሪ» ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ፕላስቲክ ማለስለሻው ምድጃ ሳይጠፋ አድሮ የሥራ ጠረጴዛ ስለበላ፣ «ከሥራ ሰዓት ውጪ ኃይል የሚባል ነገር እንዳላይ» ብሎ በፊርማው ያዘዘው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው። ትእዛዙ የቆጣሪው ሳጥን ላይ በማጣበቂያ ተለጥፎ አሁንም አለ። መዝጋቢዋ በዚህ ወረቀት ብቻ ነገሩ የሚያልቅ መስሏት፣ ቦርሳዋን ሲፈትሹ «አይዞዎት» አለቻቸው በሹክሹክታ። «እለፊ» አሏት።

መዝገብ ክፍል አንድ መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛና በሕይወት ያለ መደርደሪያ የሌለበት ጠባብ ክፍል ነው። መደርደሪያው ከካርዱ ጋር ጡረታ ወጥቷል። የኮምፒዩተር ባለሙያው ቀድሟት ደርሶ አዲስ ዕቃ ገጥሞ አሮጌውን ቅጂ እየጫነ ነበር። ከውጭ ድርጅት እየተጠራ የሚመጣ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚተነፍስ ጎልማሳ ነው።

«ማሽኑ ታዟል፤ ትእዛዙ ይኸው» አላት፣ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሮ። «ያልሠራው ኃይል ስላልነበረ ነው። እኔም በሪፖርቴ የጻፍኩት ይሄን ብቻ ነው።»

«በስንት ሰዓት ነው የታዘዘው?»

«ሰባት።»

«ሰባት ሰዓት ላይ እኮ መብራት አለ። ሁላችንም ምሳ ላይ ነን፣ ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈት ነው። ለዚያ አይደል ሰባት ብዬ የጻፍኩት?»

ባለሙያው ተነፈሰ። «የማን ሰባት? የማሽን ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የእሱ ሰባት ያንቺ ማለዳ አንድ ሰዓት ነው።»

«ይህን እያወቅህ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ቅጹ ላይ ሰባት ይላል፤ ሰባት አስገባሁ። እኔ ደንበኛ የጻፈውን አላርምም።»

«እሺ፣ አንድ ሰዓት ላይ መብራት የለም። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲበራስ፣ ያመለጠኝ ነገር አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም?»

«በዚህ አሠራር አይጠይቅም። ሰዓቱ ካለፈ አለፈ። ነገን ይጠብቃል።»

«ነገም አንድ ሰዓት ላይ ተኝቷል።»

«ከነገ ወዲያን ይጠብቃላ።»

«ሰባት ወር ሙሉ? አንድ ቀን እንኳ አልሠራሁም ብሎ አይናገርም?»

«ምን ብሎ ይናገር? ተጀምሮ የተበላሸ ነገር ቢኖር ስህተት ብሎ ይጽፍ ነበር። ያልተጀመረ ሥራ ስህተት የለውም» አለና፣ አባባሉ ለራሱም ደስ ስላለው መልሶ አለው።

መሳቢያዋን ከፈተች። የቅጹ ቅጂ ከማስቲካ ወረቀቶችና ከደረቀ እስክሪብቶ ሥር ተገኘ። «ቅጂው በየዕለቱ በስንት ሰዓት ይከናወን?» ከሚለው ጥያቄ ፊት፣ በገዛ እጇ፣ ጭራዋ የረዘመ፣ ወገቧ ላይ ቀበቶ የታሰረላት የምታምር ሰባት። ቀን ወይም ሌሊት የሚል ቃል የለም። እንዴትስ ይኖራል? ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ይበላል፤ ይህን የማያውቅ ፍጡር ይኖራል ብላ አላሰበችም። ወረቀቱን ያየ የለም። ባለሙያው ጋ ያለው ዋናው ቅጽ በየትኛው ክምር ሥር እንዳለ እሱም አያውቅም። ብትቀድደው ማንም አይጠይቃትም፤ የቆጣሪውን ትእዛዝ አሳይታ አባባንም ታድናቸው ይሆናል። ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ግን የራሱን ፊርማ አይቶ «እኔ ምድጃውን ነው ያልኩት» ለማለት ዓይኑን በጨው የሚታጠብ ሰው ነው። ያኔ ጥፋቱ መቀመጫ ይፈልጋል፣ በግቢው ውስጥ ደግሞ ከዘበኛ ወንበር የቀለለ መቀመጫ የለም። ቅጹን ሳትቀድደው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማለትም በሰው ሰባት፣ ወደ በሩ ወረደች። የአባባ ጎጆ ወንበር፣ ጥቁር ስልክና አንድ ሰው ከነጉልበቱ የሚያስገባ ስፋት አላት። አንዲት ክራንች የያዘች ሴት ስሟንና ስልኳን እየነገረቻቸው በወፍራም ደብተር ይጽፋሉ። ሴትዮዋ ስታልፍ መዝጋቢዋ ደፍ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትጨርስ በሁለት ጣታቸው አገጫቸውን ያዙ።

«ዝም በይ» አሉ። «ለአንድ ጥፋት አንድ ሰው ይበቃዋል። እኔ ምን ቀረኝ? አንቺ ገና ነሽ።»

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«የኔ ነው ያለ ደብዳቤ አለ፤ ያንቺ ነው ያለ የለም። ለምን ታጽፊያለሽ?»

ዓይኗ ደብተሩ ላይ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስም ሳይሆን ሥራ ነው የተጻፈው፦ የበር ማጠፊያ ዘይት፣ በየሰባት ቀኑ። የጣሪያ አሸንዳ ጠረጋ፣ በየሠላሳ ቀኑ። አበባ፣ በየሁለት ቀኑ። ከእያንዳንዱ ፊት ቀን ተጽፎ ተሰርዞ ሌላ ቀን ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አባባ?»

«መጨረሻ የተሠራበት ቀን ነዋ። ጠዋት ስገባ አየዋለሁ። ሰባት ቀን ሞልቶት ከሆነ ዘይት እቀባለሁ።»

«ሰባተኛው ቀን ላይ ታመው ቢቀሩስ?»

«በዳንኩ ቀን እቀባለኋ» አሉ፣ እንዲህ ያለ ሞኝ ጥያቄ ከመዝጋቢ አልጠበቁም። «በሩ እኔ ታምሜያለሁ ብሎ መንቋቋቱን ይተዋል? ደግሞ ገና ስገባ አልጀምርም። ጠዋት ሁሉም ሰው ሲገባ ግርግር ነው። ሰዉ ረጋ ሲል ነው።»

መዝጋቢዋ ደብተሩን ወደ ፊት ገለጠችው። ሰባት ወር። የገባ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ስልኩ፣ የመጣበት ጉዳይ። «ልኬት»፣ «ልኬት»፣ «ጥገና»፣ «ልኬት»። አንገቷን ቀና ስታደርግ አባባ ፊቷን አይተው ምሳ ዕቃቸውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉላት። «ብዪ መጀመሪያ፤ ይሄን ፊት አውቀዋለሁ» አሏት። ቆማ ሁለት ጉርሻ በላችና ሄደች።

ባለሙያውን ቦርሳውን ሲዘጋ ደረሰችበት። «ሰዓቱን አስተካክዬልሻለሁ» አላት። «አሥራ ሦስት ብዬዋለሁ፤ የእሱ አሥራ ሦስት ያንቺ ሰባት ነው።»

«ሰዓት አትስጠው።»

«እንዴት?»

«ምሳ ሰዓት ላይ መብራት የሄደ ዕለት ያው ነው። ቀን ብቻ ስጠው። ሲበራ፣ መጨረሻ የገለበጥኩት መቼ ነው ብሎ ይይ። አንድ ቀን ከሞላው ይገልብጥ። ግን ገና እንደበራ አይጀምር፤ ሁላችንም ስንከፍት ይጎተታል። አሥር ደቂቃ ይታገስ። ሲጨርስ ቀኑን ይጻፍ።»

ባለሙያው ተነፈሰ፤ የአሁኑ ግን ከወትሮው አጠረ። «እንዲህ ያለ አሠራር አለ። ቀን ከሌት ለማይበራ ማሽን የተሠራ ነው። ማን ነገረሽ?»

«ዘበኛው። አለ ካልክ ሰባት ወር ሙሉ ለምን አላስገባኸውም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አስገባው። ሲጨርስ ሊሄድ ነበር፤ አልለቀቀችውም። አንዴ በቃል ታምኖ ሰባት ወር ጠፍቷል። መጨረሻ የተገለበጠበት ቀን አሁንም የዛሬ ሰባት ወሩ ነውና አንድ ቀን ከሞላው ሰንብቷል፤ ሲበራ መገልበጥ አለበት። በመስኮቱ ብቅ ብላ «ጋሽ ቆጣሪ፣ ያጥፉትማ» ስትል ዋናው ማጥፊያ ወደ ታች ወረደ። ፕላስቲክ የሚያለሰልሱት ተጣሩ፣ የመሰርሰሪያው ጩኸት እንደታፈነ ሰው ተንፈቅፍቆ ቀረ፣ ከፎቅ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ «ማነው?» አለ። አባባ በቀስታ እስከ ሃያ ቆጥረው አበሩት። ኮምፒዩተሩ ተነሳ። እሷና ባለሙያው ተሰልፈው እንደሚጠብቁ ሰዎች ጎን ለጎን ቆሙ። አምስት ደቂቃ፣ ምንም። ስምንት ደቂቃ። ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። አሥር ሲሞላ ቅጂው የሚቀመጥበት ዕቃ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ማለት ጀመረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሰየመ፦ ሥራ አስኪያጁ ሰብሳቢ፣ የግዢ ኃላፊዋ ጸሐፊ፣ የሠራተኛ ተወካዩ አባል። ተወካዩ የተመረጠው ዝም ማለት ስለሚችል ነው ይባላል። አባባ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። መዝጋቢዋ ሳትጠራ ገባች፤ የቆጣሪውን ትእዛዝና ቅጹን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ኃይል አጥፉ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እሳቸው የታዘዙትን ነው የሠሩት። ሰባቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቀን ሰባት ማለቴ ነበር፤ ማሽኑ የማለዳውን አንድ ሰዓት አድርጎ ያዘው። ሳልፈትሽ ሰባት ወር አመንኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ወረቀቶች ተራ በተራ አየ። በራሱ ፊርማ ላይ ብዙ አልቆየም። «እኔ ምድጃውን ነው ያልኩት» አለ። ከዚያ ሰባቷን በጣቱ ነካ አደረገና ፊቱ በራ፤ ለጥፋቱ አዲስ መቀመጫ አገኘ። «በይ እንግዲህ ጸሐፊ፣ ያዢ፤ ጥበቃው ነፃ ነው። ሰዓት መቁጠር የማትችል ሴት መዝገብ ላይ ማን እንዳስቀመጠብኝ ነው የማይገባኝ። የልጅ ትምህርት ነው እኮ፣ ሕፃን ያውቀዋል፤ እቺ ግን…»

«ይበቃል» አሉ አባባ። ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው ወለል ላይ ወድቋል። «ይቅጧት፤ አጥፍታለች። ግን እንዲህ እየተባለች ቁጭ ብዬ አልሰማም። የልጄ ሚስት ናት።»

የሠራተኛ ተወካዩ እንኳ ዓይኑን ገለጠ።

«የልጅዎ ምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሚስት። አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ምሳዋን የምቋጥርላት እኔ ነኝ።»

አራት ዓመት በምስጢር የተጠበቀ ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። መዝጋቢዋ መደንገጥ ሲገባት ትከሻዋ ቀለላት። ሥራ አስኪያጁ ግን ደንብ አገኘ፤ ስለ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ያላሳየውን ትጋት አሳየ። ከሁለት አንዳቸው መልቀቅ አለባቸው፤ አሁኑኑ ይወሰን። የግዢ ኃላፊዋ ብዕሯን አነሳች፣ በአጀንዳ ያልተያዘ ጉዳይ አይወሰንም ብላ። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ይያዝ ተባለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ የግዢ ኃላፊዋ ሥልጠና ላይ ናት። እንግዲያው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ። የዚያን ማክሰኞ ሰብሳቢው የለም። አባል ከጎደለ ስብሰባው ወደ ቀጣዩ ማክሰኞ ይዛወራል፤ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ደግሞ ረቡዕ አይሰበሰቡም፣ ደንብ ነው። መዝጋቢዋ በልቧ ቆጠረች፤ ይህ ኮሚቴ በዚህ ዓመት ሲሰየም ዛሬ ሁለተኛው ነው።

«ጨርሳችኋል?» አለች። «ለጊዜው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» አላት ሥራ አስኪያጁ። «እቀበላለሁ። ተራዬ እስኪደርስ ሥራ አለኝ» ብላ ባርኔጣቸውን ከወለል አነሳች፣ በእጅጌዋ ጠርጋ ሰጠቻቸው።

ከሥራ መውጫ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶት ነበር። ወደ ጎጆዋ ገብተው እሳቸው ወንበሩ ላይ፣ እሷ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ደብተሩን ገልጠው ጥቁሩን ስልክ ወደ እሷ አስጠጉላት። የመጀመሪያዋ «ልኬት» ከሰባት ወር በፊት የተመዘገበች ሴት ናት። ስልኩ ብዙ ጠራ፤ ከዚያ የሸመገለ ድምፅ አነሳው። መዝጋቢዋ ከእግር ቤት እንደሆነች፣ ልኬታቸው በእሷ ጥፋት እንደጠፋ፣ እንደገና መለካት እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ሴትዮዋ አልተቆጡም። መንገዱ ሁለት መኪና እንደሚያስለውጥ፣ እግሩም ደግሞ ሰሞኑን እንደጠበባቸው በዝርዝር አወሩላት።

«እንግዲህ ቀኑን ንገሪኝ ልጄ፤ ሰዓቱንም። ባለፈው አሥር ደቂቃ አርፍጄ ተመለሺ ብለውኛል።»

«ቀን የለውም እናቴ፤ ሰዓትም የለውም። የመጡ ዕለት እንለካዎታለን።»

«ብቆይስ?»

«ሲቆዩም።»

ስልኩን ስታስቀምጥ አባባ ከሴትዮዋ ስም ፊት ትንሽ ምልክት አደረጉ። የሥራ መውጫ ሰዓት እየቀረበ ሠራተኛው በበሩ በኩል መውጣት ጀምሯል። ሁለቱን በአንዲት ጎጆ ሲያይ አንዳንዱ ይቆማል፣ አንዳንዱ የጎኑን ሰው ይጎሽማል፤ ወሬው ከፎቅ ቀድሞ ወርዷል። አባባ ደብተሩን ወደ ብርሃን አዘነበሉና ሁለተኛውን ቁጥር መጥራት ጀመሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፣ ግቢው በሙሉ እስኪሰማ።

«ያዢ፣ ልጄ።»